ጭረቷ የራሷ ዓምድ ይኑራት

ስለ እትዬ ጻፊ ያሉኝ የመሥሪያ ቤታችን የመጻሕፍት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ደብተርና እስክሪብቶ ሰጥተውኝ «የምታውቂውን ብቻ ጻፊ፣ አሳምሬ ልጻፍ አትበይ» አሉኝ። ማሳመሩንማ ብፈልግም አልችለው። ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ አሁንም ረጅም ቃል ሲመጣብኝ መሃሉ ላይ ቆሜ አርፋለሁ። ቁጥር ግን አያስቸግረኝም። ስለ እትዬ የማውቀው ሁሉ የመጣው በቁጥር በኩል ስለሆነ፣ ምናልባት ይሆንልኝ ይሆናል።

እትዬ የከዋክብት አድራሻ መዝጋቢ ነበሩ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ኮከብ ደግሞ አድራሻ አለው ወይ ይለኛል። አለው። እያንዳንዱ ኮከብ ሁለት ቁጥር አለው። አንደኛው ሰማዩን ዙሪያውን ስንዞረው የት ጋ እንደምናገኘው ይናገራል፤ እንደ ሰዓት በሰዓት፣ በደቂቃና በሰከንድ ይቆጠራል። ሁለተኛው ከሰማይ ወገብ፣ ሰማዩን መሃል ለመሃል ከሚከፍለው መስመር፣ ምን ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንደሆነ ይናገራል፤ እሱ በዲግሪ ነው፤ አንድ ዲግሪ ያልሞላው ዜሮ ዲግሪ ተብሎ ትርፉ በደቂቃና በሰከንድ ይጻፋል። ወገቡ ራሱ ዜሮ ነው። ከወገብ በላይ ያለው ቁጥሩ እንዲሁ ይጻፋል። ከወገብ በታች ያለው ፊቱ ላይ ጭረት ይደረግለታል፣ ያቺ ሒሳብ ላይ የምናውቃት የመቀነስ ምልክት። እኔ የማውቀው ይኸው ነው። እትዬም «ይሄን ካወቅሽ ለእኛ ሥራ ይበቃል፣ የቀረውን ምሁራን ይጨነቁበት» ይሉኝ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ኮከብ ማያ መሣሪያ የለም። እሱ ያለው ሩቅ ተራራ ላይ ነው፣ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ። እኛ ጋ ያለው መደርደሪያ፣ ወንበር፣ ጠዋት ጠዋት የሚበላሽ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ድሮ ሰዎች በእጃቸው የጻፏቸው ወፋፍራም መዝገቦች ነው። የእትዬ ሥራ መዝገቡ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ውስጥ በሰንጠረዥ ማስቀመጥ ነበር፤ ተራራ ላይ ያሉት ሰዎች አድራሻውን አይተው መሣሪያቸውን ወደ ኮከቡ እንዲያዞሩ።

እኔ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው። ከዚያ በፊት ልብስ ማጠቢያ ቤት ነበርኩ፤ አንሶላና ሸሚዝ ላይ የሚሰፋውን ቁጥር እያየሁ ልብሱን ለየባለቤቱ እለይ ነበር። በገባሁ በሁለተኛው ወር አቧራ ስጠርግ በክርኔ ገፍቼ የእትዬን የካርድ ሳጥን መሬት ላይ በተንኩት። ለምሳ ወጥተው ነበር። ተንበርክኬ ካርዱን ሁሉ በቁጥሩ አሰልፌ መለስኩና ምንም እንዳልተፈጠረ መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ። ሲመለሱ ሳጥኑን ከፈቱ፣ በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ፣ ከዚያ በመነጽራቸው አናት በኩል አዩኝ።

«ይሄን የነካ ሰው አለ።»

መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ።

«ሰባት ካርድ ቦታውን ስቶ ነበር። ዛሬ ነገ ሳስተካክለው እያልኩ ወር ሆኖኛል። አሁን ሰባቱም ቦታቸው ላይ ናቸው። ማንበብ ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ?»

«ቁጥር እችላለሁ።»

«ቁጥር ከቻልሽማ ምን ቀረሽ» አሉ። «ፊደሉን ለገጣሚዎች ተዪላቸው። ነገ ወለሉን ስትጨርሺ ነይ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባልዲዬን ደረጃ ሥር አስቀምጬ እጄን ታጥቤ ፊት ለፊታቸው እቀመጥ ነበር። እኔ ከመዝገቡ አነባለሁ፣ እሳቸው ኮምፒውተሩ ላይ ይመታሉ። ስሜን ትተው «ቁጥሬ» አሉኝ። እሳቸውን ደግሞ የቢሮው ሰው በሌሉበት «እትዬ ሰንጠረዥ» ይላቸው ነበር። ያውቁታል። «ከዚህ የባሰ ስም ያላቸው አሉ» ብለው ያልፉታል። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ እስኪሞቅ ድረስ ባለችው ጊዜ ደግሞ ፊደል አስቆጠሩኝ፤ ስለ ገጣሚዎቹ ያሉት ለካ ለቀልድ ነው።

ሥራው ሕግ ነበረው። አንደኛው ሕግ፣ ዜሮ አይዋጥም። አምስትን «ዜሮ አምስት» እላለሁ፣ ዜሮን «ዜሮ ዜሮ» እላለሁ። አንድ ቀን ሰነፍኩና «ዜሮ» ብቻ አልኩ። እጃቸውን ከመምቻው ላይ አነሡ።

«ቁጥሬ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ወንበር አለው። ባዶውን ወንበር ካልቆጠርሽው የሚቀጥለው ሰው መጥቶ ይቀመጥበታል። ከዚያ መስመሩ በሙሉ የሰው ወንበር ላይ ነው።»

ሁለተኛው ሕግ የጭረቷ ነው። ጭረት ስትመጣ በአፌ አልናገርም፤ በአውራ ጣቴ አንጓ ጠረጴዛውን ኳ አደርጋለሁ። አፍ ይደክመዋል፣ ይዘላል፣ ጣት ግን አይዋሽም ይሉ ነበር። እሳቸውም ኳ ሲሰሙ ጭረቷን ለብቻዋ በተሠራላት ጠባብ ዓምድ ውስጥ ያስቀምጧታል፣ ዲግሪው በሚቀጥለው ዓምድ ይገባል። ለአንዲት ጭረት ሙሉ ዓምድ መስጠት ማባከን ነው የሚል ብዙ ሰው መጥቶባቸዋል። መልሳቸው አንድ ነው። «ጭረቷ የራሷ ዓምድ ይኑራት። ቁጥር ላይ ከለጠፋችኋት አንድ ቀን ትጠፋለች።» ለምን እንደምትጠፋ አልጠየቅኳቸውም። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ግን ጣቴ የሚያርፍበት ቦታ እየጎደጎደ ሄደ፤ አተር ያስቀምጣል።

ስለ ራሳቸው ብዙ አያወሩም። የመጡት በሃያ ሁለት ዓመታቸው፣ ለመውለድ በወጣች ጸሐፊ ቦታ ለሦስት ወር ነበር። «ያቺ ሴት ወለደች፣ ልጇ አደገ፣ አገባ፣ እኔ አሁንም እየተካኋት ነው» ይላሉ። ባላቸው ቶሎ ሞቱባቸው። አንድ ወንድ ልጅ አሳድገው ሌላ ከተማ ሥራ ያዘ። አንድ ነገር ብቻ ሲመኙ ሰምቻቸዋለሁ፣ ተራራው ላይ መውጣት። ያን ሁሉ ኮከብ በየወንበሩ አስቀምጠው ያንን መሣሪያ በዐይናቸው አይተውት አያውቁም። በየዓመቱ አንድ መኪና ሠራተኛ ይዞ ይወጣል። «መኪናው ሰባት ሰው ነው የሚይዘው» አሉኝ አንድ ጊዜ፣ «እኔ ሁልጊዜ ስምንተኛ ነኝ።» ስቀው ነው ያሉት። ከዚያ ግን የያዝነውን ገጽ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

ዐይናቸው ሲደክም ጡረታ ወጡ። በቦታቸው ኮምፒውተር የተማረ ሰው መጣ። ጥሩ ሰው ነው፣ ሰላምታ አይነፍግም፣ ግን አንባቢ አያስፈልገውም። እኔም ወደ መጥረጊያዬ ተመለስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እግሬ ሳላዘው ወደዚያ ክፍል ይወስደኝ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ምን ልበል፤ ቅርጫቱን ባዶ አድርጌ እመለሳለሁ። በቀን ሁለት ጊዜ ቅርጫት ሲገለበጥለት ሰውየው ምን ብሎ እንደሚያስብ እንጃ።

አንድ ዓመት እንዳለፈ ከተራራው ስልክ ተደወለ። መሣሪያውን በሰንጠረዡ አድራሻ አዞርን፣ ኮከቡ ግን የለም አሉ። አንድ ሳይሆን ሁለት መቶ ስምንት ኮከብ፣ ሁሉም ሰማይ ወገብ አጠገብ። አለቃችን የክፍሉን ሰዎች ሰበሰበ። እኔ የስብሰባውን ክፍል መስኮት በጋዜጣ እየወለወልኩ ነበር፤ «ውጪ» ያለኝ ሰው ስለሌለ ቀጠልኩ።

«እትዬ ሠራተኛ ነበሩ፣ ይሄን የሚክድ የለም» አለ አለቃው። «ዐይናቸው ግን ደክሞ ነበር። የሚመጣው ሰኞ ሰንጠረዡ መውጣት አለበት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በስማቸው ሥር ‹ወገቡ አጠገብ ያሉት አያስተማምኑም› ብለን እንጻፍና እንለፍ።»

ጋዜጣው እጄ ላይ ቆመ። የዚያ ሰንጠረዥ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው የእሳቸው ስም ብቻ ነው። ሌላ የትም ቦታ አልተጻፈም፣ በራቸው ላይ እንኳ።

«ኮከቦቹ ጭረት ነበራቸው» አልኩ።

አለቃው ወደ መስኮቱ ዞረ፣ መስተዋቱ የተናገረ መስሎት ነው መሰለኝ። «ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።» ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ መመለሻ የለውም። «አንብቤላቸዋለሁ። ዜሮ ዜሮ ከማለቴ በፊት ጠረጴዛውን እመታ ነበር። ጭረት ለሌለው ኮከብ አልመታም። ለእነዚያ መትቻለሁ።»

«ሁለት መቶ ስምንቱንም ታስታውሻለሽ?» አለ አንዱ፣ ሌሎቹ ሳቁ።

«ኮከቦቹን አላስታውስም። መምታቴን ነው የማስታውሰው።»

ኮምፒውተር የሚሠራው ሰውዬ አልሳቀም። «ዜሮ ዜሮ ነው ያልሽው?» አለኝ። መዝገቡን አስወጣ፣ ገለጠ። ጭረቷ አለች። ከዚያ ሁላችንም እያየን ኮምፒውተሩ ላይ ጭረትና ዜሮ አንድ ላይ ጻፈና ቁልፍ ተጫነ። ጭረቷ ጠፋች። ዜሮው ብቻውን ቀረ። ደግሞ ጭረትና አንድ ጻፈ። ያቺኛዋ ቀረች።

ሰውየው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ለማሽኑ ዜሮ ዜሮ ነው፤ ወደ ላይ ዜሮ፣ ወደ ታች ዜሮ አያውቅም። እሳቸው ጭረቷን ለብቻዋ አስቀምጠዋት ነበር። እኔ ነኝ ቦታ ልቆጥብ ብዬ ሁለቱን ዓምድ ያዋሃድኩት። አንድ ዲግሪና ከዚያ በላይ ያሉት ጭረታቸውን ይዘው ቆዩ፣ ዜሮዎቹ ጣሏት። ከወገብ በታች ያሉት ዜሮዎች ሁሉ ከወገብ በላይ ወጥተው ተጻፉ ማለት ነው።» መዝገቡን ከድኖ «የድሮውንም ቅጂ አጥፍቼዋለሁ» አለ።

አለቃው አገጩን አሸ። «ደግ። ግን ሕግ ሕግ ነው። እርማት የሚጸድቀው ያነበበውና የመዘገበው ሁለቱም እንደገና አስተያይተው ሲፈርሙ ነው። እስከሚመጣው ሰኞ ጠዋት ካልተፈረመ ያልኩት ይጻፋል።»

ኮምፒውተረኛው ከምሳ በኋላ ከመዝገቡ ላይ ፎቶ ኮፒ አነሣልኝ፣ የሰንጠረዡን ገጽ ደግሞ በትልልቅ ቁጥር አተመልኝ። አሥራ ስድስት ገጽ ሆነ፣ በየገጹ አሥራ ሦስት ኮከብ። ይዤ በዚያው ዕለት፣ ሰኞ ከሰዓት፣ እትዬ ቤት ሄድኩ።

በሩን ሲከፍቱልኝ መጀመሪያ ያየሁት መደርደሪያውን ነው። ባዶ ነበር። መጋረጃው ወርዷል፣ ሁለት ሻንጣ ግድግዳው ሥር ቆሟል።

«ልጄ ቅዳሜ ሊወስደኝ ነው» አሉ። «ብቻሽን አትኖሪም አለኝ። ዐሥር ዓመት እምቢ አልኩት፣ አሁን ግን ምድጃውን ሁለት ጊዜ ሳላጠፋ ወጣሁ። ምን ይዘሽ ነው?»

ነገርኳቸው። ስለ አለቃው ንግግር ስደርስ ድምፄ አነሰ። አልተቆጡም። «ሁለት መቶ ስምንት» አሉ ብቻ፣ አንድ ጊዜ። ከዚያ አጉሊ መነጽራቸውን፣ ማስመሪያቸውንና ቀይ እስክሪብቶ ፈልገው አወጡ። እኔ ከኮፒው አነባለሁ፣ እሳቸው ማስመሪያውን ከመስመሩ ሥር አድርገው በመነጽሩ እየተከተሉ ኳ ባልኩ ቁጥር የጎደለችውን ጭረት በቀይ ያስገባሉ። ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጠረጴዛው ሌላ፣ ቤቱ ሌላ፣ ግን ያው እኛ ነን። ስንት ጊዜ ይህንን ሰዓት እንደተመኘሁት ለማንም አልተናገርኩም፤ ምን ብዬ እናገራለሁ፤ ቁጥር ማንበብ ናፈቀኝ ይባላል?

በቀን አራት ገጽ አወጣን። ማክሰኞ አንድ መስመር ላይ አስቆሙኝ። ዜሮ አምስት ሰዓት፣ ሠላሳ ሁለት ደቂቃ፣ ኳ፣ ዜሮ ዜሮ፣ አሥራ ሰባት።

«ይቺን አይተሻታል» አሉኝ። «እነዚያ ሦስት ተሰልፈው የሚወጡት የሉም? ቀድማ የምትወጣው እሷ ናት። ይኸው ጭረቷን ብትጥል እሷም ቤቷ አልተገኘችም።»

ሐሙስ አራት ገጽ ብቻ ቀረን። ሦስቱን አነበብኩ። አራተኛው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ የኮፒውም የኅትመቱም። እጄ ወደ ቦርሳው ሄደና ቆመ። ይህ ሲያልቅ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ፈርመው ይሰጡኛል፣ አመሰግናለሁ እላለሁ፣ እወጣለሁ። ቅዳሜ ይሄዳሉ። ነገ የምመጣበት ምክንያት የለኝም፤ እንዲሁ ናፍቀውኝ መጣሁ ማለት ደግሞ እኔ አልችልበትም።

«አንዱን ገጽ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ በላው» አልኩ። «ነገ አስነሥቼ አመጣዋለሁ።»

መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ነገ» አሉ። «እሺ።»

ዓርብ ጠዋት አለቃው ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ «አለቀ?» አለኝ። «አንድ ገጽ» አልኩት። ሥራዬን አጣድፌ ጨርሼ ገጹን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። መንገዳቸው ጫፍ ስደርስ በራቸው ላይ መኪና ቆሟል። የኋላው ተከፍቶ ሻንጣዎቹ እየገቡ ነው። ልጃቸው አንድ ቀን ቀድሞ መጥቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው ብዬ ሮጥኩ።

እትዬ መኪናው ውስጥ አልነበሩም። ካፖርታቸውን ለብሰው ደጃፍ ላይ፣ ገና ባልተጫነ ሻንጣ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ማስመሪያውና ቀይ እስክሪብቶው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«እማ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» ይላል ልጃቸው። «ከቀትር ጀምሮ እኮ እንሂድ እያልኩሽ ነው።»

«አሥራ ሦስት ይቀረኛል» አሉት።

«አሥራ ሦስት ምን?»

«መቶ ዘጠና አምስት ጊዜ ነው ኳ ያለችው። ሁለት መቶ ስምንት መሆን አለበት። ዝም ብለህ ጫን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መጣሽ? ተቀመጪ፣ ትንፋሽሽን ሰብስቢ።»

ተቀመጥኩ። ትንፋሼ ግን አልተሰበሰበም። «እትዬ፣ ማሽኑ አልበላውም ነበር።»

«አውቃለሁ። ያ ማሽን ከሰዓት ተበላሽቶ አያውቅም።» ገጹን ከእጄ ወስደው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። «እኔም እኮ እሺ ያልኩሽ ጠፍቶኝ አይደለም። በይ።»

ጠረጴዛ ስለሌለ ሻንጣውን መታሁ። ኳ አይልም፣ ዱብ ነው የሚለው፣ ውስጡ ልብስ ነው። አነበብኩ። በቀስታ አነበብኩ፣ ከበፊቱ በጣም በቀስታ፣ እሳቸውም አላጣደፉኝም። ልጃቸው መጀመሪያ ሰዓቱን ያይ ነበር፣ በኋላ መኪናው ላይ ተደግፎ እናቱን ያይ ጀመር። እንዲህ ሲሠሩ ያያቸው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። የመጨረሻው መስመር ሃያ ሦስት ሰዓት፣ ሃምሳ ስምንት ደቂቃ፣ አሥራ አንድ ሰከንድ ነበር። ዱብ። ዜሮ ዜሮ፣ ዜሮ አራት፣ ሠላሳ።

ቀዩዋን ጭረት አስገቡ። «ከሃያ ሦስት በኋላ ምንድነው?» አሉኝ፣ እንደ ድሮው ሲፈትኑኝ።

«ዜሮ ዜሮ። ከመጀመሪያው።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል» አሉና ፈረሙ። እኔም ከሥራቸው ስሜን ጻፍኩ፤ ፊደሉን ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ልጃቸው እጃቸውን ይዞ አነሣቸውና መኪናው ሄደ። እኔ ትንሽ ደረጃው ላይ ቆየሁ።

ሰንጠረዡ ሰኞ ወጣ። ጭረቷ የራሷን ዓምድ መልሳ አገኘች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስማቸው አለ፣ ከሥሩ ምንም አልተጻፈም፣ ባዶ ነው። ፊደል በፊደል አንብቤዋለሁ፣ ባዶውንም ጭምር አይቼዋለሁ።

አንድ ጊዜ ደውለውልኛል። መንገዱ በዚያ ተራራ ግርጌ ነው የሚያልፈው፤ ልጃቸው መኪናውን አቁሞ የመሣሪያውን ቤት አሳያቸው። «ነጭ ነው» አሉኝ። «ከታች ሲያዩት እንቁላል ያክላል። ደግሞ በመኪናው ውስጥ ሁለት ነበርን፣ አምስት ወንበር ባዶ።» ሳቁ። ከዚያ በኋላ መስመሩ አስቸገረ፣ ድምፃቸው እየራቀ ሄደ።

ያቺን ጠረጴዛ ዛሬም የምጠርገው እኔ ነኝ። ከሰዓት፣ ጠርዙ ላይ ጎድጎድ ያለችው ቦታ ስደርስ ጨርቁን አነሣና በአውራ ጣቴ አንድ ጊዜ ኳ አደርጋለሁ። ኮምፒውተረኛው ቀና ይላል።

«ምን ፈለግሽ?»

«ምንም» እለዋለሁ። ቅርጫቱን ይዤ እወጣለሁ።